ትንንሽ የብረት ካፕ ከቻይና እየመጣልኝ ነው፣ ታሪፉ 8309 ነው 7307 ነው ወይስ 7326? ግራ ገባኝ

የተክልዬ ሱቅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ የጉምሩክ ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ በናታችሁ አንዴ ስሙኝ። ተክለሃይማኖት ጋ የቧንቧ እቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ እስከዛሬ ከአስመጪዎች እየተረከብኩ ነበር የምሰራው፣ ዘንድሮ ግን እስከመቼ ብዬ በራሴ ላይሰንስ ከቻይና አዘዝኩ። ተጭኗል፣ ጅቡቲ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል፣ እና አሁን ይሄ የታሪፍ ቁጥር የሚባል ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

እቃው በኛ አጠራር ታፖ ነው። ማለት የቧንቧ መስመር የሚያልቅበት ቦታ ጫፉ ላይ ገብቶ የሚዘጋው፣ ሴቴው፣ ውስጡ ጥርስ ያለው። አብዛኛው 1/2 እና 3/4 ኢንች ነው፣ ትንሽ ባለ 1 ኢንችም አለ፣ ዚንክ የተነከረ፣ መዳፋችሁ ላይ ስታስቀምጡት ትንሽ መስሏችሁ የሚከብዳችሁ አይነት። ከሱ ሌላ የሆቴል ስራ የያዘ አንድ ቧንቧ ሰራተኛ ያዘዘኝ ስቴንለስ ሁለት ካርቶን አለ። ደግሞ ጥርስ የሌለው፣ ለሁለት የተቆረጠ እንቁላል የሚመስል ባለ 2 ኢንች አለ፣ እሱ በብየዳ ነው የሚገባው። የመጨረሻው ታፖም አይደለም፣ ምናለሽ ተራ በርሜል አጥቦ የሚሸጥ ደንበኛዬ "እግረ መንገድሽን" ብሎ ያስጨመረኝ የበርሜል አፍ መዝጊያ ነው፣ ባለ 2 ኢንች እና ባለ 3/4።

ሻጩ ይሄን ሁሉ በአንድ መስመር "ስሞል አይረን ካፕ" ብሎ ጠቅልሎ ኤችኤስ ኮዱን (የታሪፍ ቁጥሩን) 8309.90 አድርጎ ኢንቮይስ ላከልኝ። ትራንዚተሬ አየውና "ይሄ የጠርሙስ ክዳን ነው እህቴ፣ 7326.90 እናድርገው፣ ሌላ የብረት እቃ ነው የሚለው፣ ማንም አይጠይቅሽም" አለኝ። አንድ ፊቲንግ ስታስመጣ የኖረች ጓደኛዬ ደግሞ "ጥርስ ስላለው 7307.92 ነው፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የምሞላው" አለች። ሶስት ሰው ሶስት ቁጥር። ማንን ልመን? ደግሞስ ይሄ ሁሉ ለምን፣ ብረት ብረት አይደል እንዴ?


አቦ ቀለል፦

ቆርኪ ብለሽ ሙይው ያልቃል ሃሃሃ


ጋሽ ዲክላራሲዮን፦

አቦ ቀለል፣ ቆርኪ የራሱ ቁጥር አለው፣ 8309.10፣ እሱን ከሞላች እና ካርቶኑ ሲከፈት ታፖ ከወጣ ያን ጊዜ ነው የማይቀለው።

እህቴ እንኳን ደፈርሽ። እቃው ሳይደርስ መጠየቅሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ጋ የሚደውለው ሰው አብዛኛው ቀይ (ይፈተሽ የሚለው) ወጥቶበት፣ ካርቶኑ ተቀዶ፣ ፈታሹ እቃውን በእጁ እያገላበጠ "ይሄ ምንድነው?" ሲለው ነው። እኔ ዲክላራሲዮን መሙላት የጀመርኩት በአሲኩዳ ጊዜ ነው (የድሮው የጉምሩክ ኮምፒውተር ሲስተም)፣ ሲስተሙ ተቀይሯል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ከሶስቱ ሰዎችሽ የተሻለችው ጓደኛሽ ናት፣ ቤቱን አግኝታ ክፍሉን ስታለች። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

8309ን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ክዳን፣ ቆርኪ፣ የጠርሙስ ካፕሱል፣ ባለ ጥርስ የበርሜል መዝጊያ እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ "ሌሎች የማሸጊያ ተጓዳኝ እቃዎች" ብሎ ይዘጋል። ያቺ የመጨረሻዋ ሀረግ ናት መንፈሱን የምትነግርሽ፣ ነገሩ ጠርሙስ፣ ብልቃጥ፣ ጣሳ፣ በርሜል ነው፣ የሆነ ነገር ተሞልቶበት የሚታሸግ። ያንቺ ታፖ ምን ያሽጋል? ምንም። ግድግዳ ላይ ያለ ቧንቧ ነው የሚደፍነው። 7307 ደግሞ የብረትና የስቲል የቧንቧ ፊቲንግ ነው፣ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ማብራሪያ ሁለት ቧንቧ የሚያገናኝ፣ ቧንቧን ከሌላ መሳሪያ የሚያገናኝ፣ ወይም የቧንቧ አፍ የሚዘጋ እያለ ያስቀምጠዋል፣ ዝርዝሩ ላይም ካፕና ፕለግ በስማቸው ተጠርተዋል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ።

ሻጭሽ 8309 ያለው ለምን መሰለሽ፣ ኮምፒውተሩ ላይ "ካፕ" ብሎ ፈልጎ መጀመሪያ ያገኘውን ለጥፎ ነው፣ ቻይና ኤክስፖርት ሲያደርጉ ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው። ካፕ የሚለው ቃል ግን ብቻውን አደገኛ ነው። ኮፍያም ካፕ ነው፣ ምዕራፍ 65። የፈንጂ ማቀጣጠያውም ካፕ ነው፣ 3603፣ እሱን ብትሞዪ ማን እንደሚመጣብሽ ብትጠይቂኝ አልነግርሽም። አንዴ ከኔ ጋ የነበረ ጀማሪ ልጅ "አይረን ካፕ" የሚለውን ኢንቮይስ ወደ አማርኛ ሲመልስ "የብረት ኮፍያ" ብሎ ጽፎ፣ እኔም ሳላይ ፈርሜ፣ ፈታሹ የሰራተኛ ሄልሜት ሊያይ መጥቶ የቧንቧ እቃ ሲያገኝ የሆነውን አልነግራችሁም። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ፊርማው የኔ ነው።

7326 ደግሞ ምዕራፍ 73 ውስጥ ቤት ያጣ ብረት የሚያድርበት ነው። ቤት ያለው እቃ እዚያ አያድርም። "ማንም አይጠይቅሽም" የሚል ሰው ስትሰሚ ተጠንቀቂ፣ ዛሬ ባይጠይቁ ድህረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት የሚባል አለ፣ እቃው ተሽጦ ብሩም ተበልቶ ካለቀ በኋላ መጥቶ ልዩነቱን ከነመቀጫው የሚጠይቅሽ።

አሁን ወደ ክፍሎቹ። 7307 ስትገቢ መጀመሪያ የሚለይሽ ጥርስ አይደለም፣ አሰራሩ ነው። በሻጋታ ፈሶ የተሰራ ከሆነ 7307.11 ወይም 7307.19 ነው (መጨረሻውን ብቻ 11፣ 19 እያልኩ ልጥራው)፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ከዚያ በታች አትወርጂም። ፈሶ ካልተሰራ ስቴንለሱ ከ21 እስከ 29፣ ሌላው ስቲል ከ91 እስከ 99። ጓደኛሽ የምትለው 92 ባለ ጥርስ ኤልቦ፣ ቤንድ እና ስሊቭ ነው የሚለው፣ በኛ ቋንቋ ጎሚቶና ማኒኮቶ፣ ታፖ እዚያ የለም። ስለዚህ ፈሶ ያልተሰራ ባለ ጥርስ የስቲል ታፖ ቢሆን እንኳ 99 ነው እንጂ 92 አይደለም። ዚንክ የተነከረው ያንቺው 1/2 እና 3/4 ግን ከልምድ ፈሶ የተሰራ ይመስለኛል። በብየዳ የሚገባው ግማሽ እንቁላል 93፣ በት ዌልድ ፊቲንግ በስሙ አለ። ስቴንለሱ 29። የበርሜሉ፣ እሱ ብቻ፣ ሻጭሽ እንዳለው 8309.90።

ማለት አራት አይነት እቃ አራት መስመር ነው። በአንድ መስመር ጠቅልሎ መሙላት አይሆንም።


የተክልዬ ሱቅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ነገር፣ የበርሜሉም ጥርስ አለው፣ ታፖውም ጥርስ አለው፣ ሁለቱም ባለ 3/4 ናቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ሰው እንዴት ይለያቸዋል? ደግሞ 11 እና 19 ላይ ምንድነው የሚለየው? ሳምፕል ቀድሞ በዲኤችኤል ልኮልኛል፣ እጄ ላይ አለ።


ጋሽ ዲክላራሲዮን፦

የበርሜሉን ገልብጠሽ እዪው። ወንዴ ነው፣ ጥርሱ ውጪውን ነው፣ አንገቱ ላይ የጎማ ቀለበት አለችው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የበርሜል ቁልፍ የሚገባበት ጎድጓዳ ነው። ላሜራ ተመትቶ የወጣ ስለሆነ ቀላል ነው። ቧንቧ ላይ ልትጠቀሚበት ብትሞክሪ ግፊት አይችልም። ባለ 2 ኢንችና ባለ 3/4 ጥንድ ሆኖ መምጣቱ ራሱ ይነግርሻል፣ 200 ሊትሩ በርሜል ላይ ያሉት ሁለቱ ቀዳዳዎች እነሱ ናቸው።

11 እና 19ን ለባለሙያ ልተው፣ ማሊየብል የሆነና ያልሆነ ነው ክርክሩ፣ እኔ በወረቀት ነው የማውቀው።


ፎንደሪ ጋራ፦

እኔ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ነው የምውለው፣ ይሄኛው የኔ ነው።

11 የሚለው ማሊየብል ያልሆነ ካስት አይረን (ፈሶ የተሰራ ብረት) ነው፣ ግራጫው፣ ድሮ የፍሳሽ ቧንቧ የሚሰራበት ድንጋይ የመሰለው። 19 ሌላው ፈሶ የተሰራ ሁሉ ነው፣ ማሊየብሉም እዚያ ነው። የቧንቧ ታፖ ዚንክ የተነከረ ባለ ጥርስ ከሆነ በብዛት ማሊየብል ነው፣ ምክንያቱም ግራጫው ብረት ጥርስ ላይ በቁልፍ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። ማሊየብል የሚሰራው መጀመሪያ ነጭ ካስት ሆኖ ይፈሳል፣ እሱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ከ900 ዲግሪ በላይ ለብዙ ሰዓት ይቀመጥና ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ ካርቦኑ ተሰብስቦ ትንንሽ እብጠት ይሆናል፣ ብረቱም መጎንበስ ይለምዳል። ግራጫው ውስጥ ግን ካርቦኑ እንደ ቅጠል ተነጣጥፎ ስለሚተኛ ስንጥቅ በዚያው ይሮጣል።

በእጅሽ ማወቅ ከፈለግሽ አንዱን ሳምፕል መስዋዕት አድርጊው፣ አንጥረኛ ጋ ውሰጂና በመዶሻ ጎኑን ደጋግሞ ይምታው። ማሊየብል ከሆነ መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ አፉ ሞላላ ይሆናል፣ ብዙ ሲመታ ነው የሚቀደደው። ግራጫ ከሆነ በሁለተኛው በሶስተኛው ምት ጥርት ብሎ ይከፈላል፣ የተሰበረው ፊቱም ግራጫ አሸዋማ ነው፣ በጣትሽ ስትነኪው ጥቁር ያስቀምጣል።

ደግሞ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስቴንለሱ ላይ አልስማማም። ርካሹ ባለ ጥርስ ስቴንለስ ፊቲንግ አብዛኛው እሱም ፈሶ የተሰራ ነው። ፈሶ ከተሰራ ደግሞ እርሶ ራስዎ እንዳሉት መጀመሪያ የሚለየው አሰራሩ ነው፣ ስለዚህ 19 ይገባል፣ 29 አይደርስም። እህቴ ስቴንለሱን ሳምፕል ጀርባውን እዪው፣ "304" ወይም "316" እና "150" የሚል ካለ፣ ፊደሉ ወጣ ብሎ እንደ ጠባሳ የሚዳሰስ ከሆነ ከሻጋታው ጋር ነው የወጣው። ከዘንግ ብረት ተቆርጦ በቶርኖ የተሰራ ቢሆን ኖሮ ወይ ፊደል አይኖረውም ወይ ወደ ውስጥ የተመታ ነበር የሚሆነው፣ የቶርኖ ክብ ክብ መስመርም ይታይ ነበር።


ጋሽ ዲክላራሲዮን፦

ትክክል ነህ ልጄ፣ ስቴንለስ የሚለውን ቃል ሳይ ቸኮልኩ። ለዓመታት 29 ስሞላ ነበር ማለት ነው፣ እግዜር ይይልኝ።


ኮሎኝ ያለሁት፦

እዚህ ጀርመን መጋዘን ውስጥ ነው የምሰራው፣ ማሊየብል የሚለው ቃል ስንት ብር እንደሆነ ልንገራችሁ። የአውሮፓ ህብረት በፈረንጅ 2013 ከቻይናና ከታይላንድ የሚመጣ ባለ ጥርስ ማሊየብል ፊቲንግ ላይ ፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ (ዋጋ አውርዶ ገበያ ለሚያጥለቀልቅ እቃ የሚጣል) ጣለ፣ ከመደበኛው ቀረጥ በላይ ማለት ነው። ታዲያ አስመጪዎቹ "የኛ እኮ ማሊየብል አይደለም፣ ካርቦኑ ክብ ክብ የሆነ ኖዱላር ካስት ነው" ብለው ተከራከሩ፣ ነገሩ ሉክሰምበርግ ያለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2018 ፍርድ ቤቱ አዎ ማሊየብል አይደለም አለ። በባለ ስድስት አሃዙ ሁለቱም ያው 7307.19 ውስጥ ናቸው፣ ጠቡ ከዚያ በታች ባለው የአውሮፓ አሃዝ ላይ ነበር። እና እህቴ "ብረት ብረት አይደል እንዴ" ላልሽው፣ አይደለም።


ቱቦላሬ በሩ፦

ጋሽ ዲክላራሲዮን እኔ ግን ጥያቄ አለኝ። እኔ የበርና አጥር ስራ ነው የምሰራው፣ ቱቦላሬ ጫፍ ላይ የሚደፋ ካሬ የብረት ካፕ፣ 40 በ40፣ ዝናብ እንዳይገባ የሚደረገው። እሱም የቱቦ አፍ ነው የሚዘጋው፣ እና 7307 ልትሉኝ ነው? አንዱ ትራንዚት 7307፣ አንዱ 7326፣ አንዱ 7308 የግንባታ ክፍል ነው አለኝ።


ጋሽ ዲክላራሲዮን፦

ቱቦላሬ አንተ የከፋውን አመጣህ። እኔ ወደ 7326 ነው የማዘነብለው፣ ምክንያቴን ልንገርህ። ፊቲንግ ሲባል ውሃም ጋዝም የሚሄድበት መስመር ላይ የሚሰራ እቃ ነው በጥቅሉ። ያንተ ካሬ ምሰሶ ውስጥ ምንም አይሄድም፣ ካፑም የሚይዘው ግፊት የለም፣ ጌጥና ዝናብ መከላከያ ነው።


ፎንደሪ ጋራ፦

ግን ጋሼ ያው የ7307 ማብራሪያ የቱቦ አጥርና የእጅ መደገፊያ ፊቲንግ እና የቱቦ መዋቅር ፊቲንግ ይጨምራል እኮ። ውሃ የግድ አይደለም ማለት ነው። የደረጃ እጀታ ላይ የሚገጠሙት ክብ ክብ መገጣጠሚያዎች እዚያ ናቸው።


ጋሽ ዲክላራሲዮን፦

እሱ እውነት ነው፣ ለዚህ ነው የከፋ ያልኩት። እኔ የምለው እዚያ የተጠቀሱት ቱቦን ከቱቦ የሚያያይዙ ናቸው፣ እሱ ግን ምንም አያያይዝም። አንተ ደግሞ መዝጋትም ፊቲንግ ነው ተብሏል ትለኛለህ። ሁለታችንም ወረቀት ይዘን ነው የምንከራከረው። ቱቦላሬ፣ እንዲህ አይነቱን ነው ቀድሞ ማስወሰን ያለብህ፣ የጉምሩክ አዋጅ 859/2006 ላይ እቃው ከመምጣቱ በፊት ኮሚሽኑን በጽሁፍ ጠይቀህ የታሪፍ ውሳኔ የምታገኝበት አሰራር አለ። ሳምፕል፣ ካታሎግ፣ ከምን እንደተሰራና ለምን እንደሚውል ጽፈህ ታስገባለህ። አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ካሬ ካፕ ልታስገባ ከሆነ ያዋጣሃል፣ አንድ ካርቶን ከሆነ ግን እኔጃ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም፣ ታፖውን "ለማሽን ነው የማስመጣው" ብላችሁ ወደ ምዕራፍ 84 አትውሰዱት፣ የማሽን መለዋወጫ ቀረጡ ይሻላል ብለው የሚሞክሩ አሉ። 7307 ውስጥ ያለ እቃ በክፍል 15 ማስታወሻ የጋራ አገልግሎት እቃ ከተባሉት ነው፣ ማሽን ላይ ቢገጠምም የራሱ ቁጥር ላይ ነው የሚቆየው። የሚገርመው 8309 እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።


ሂሳብ በጄ፦

ሁላችሁም ቁጥር ቁጥር ትላላችሁ ማንም ብሩን አላሰላላትም። እህቴ እኔ የመቶኛውን ትክክለኛ አልነግርሽም፣ እሱን ታሪፍ መጽሐፉ ላይ በስምንት አሃዙ ነው የምታዪው፣ ግን አንድ ስህተት እንዴት እንደሚያብጥ ላሳይሽ። እቃሽ ኢንሹራንስና ማጓጓዣው ተደምሮ 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ቀረጡ 10 በመቶ ቢሆን 100 ሺህ ነው። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው በ1 ሚሊዮን 100 ሺው ላይ ነው፣ 165 ሺህ። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ ቫቱም ተደምሮ ነው፣ ማለት በ1 ሚሊዮን 265 ሺህ ላይ፣ 126 ሺህ 500። ድምሩ 391 ሺህ 500።

አሁን ቁጥሩ ተቀይሮ ቀረጡ 20 በመቶ ሆነ እንበል። 200 ሺህ፣ ቫት 180 ሺህ፣ ሱር ታክስ 138 ሺህ። ድምር 518 ሺህ። አየሽ፣ የቀረጡ ልዩነት 100 ሺህ ነበር ኪስሽ ላይ ሲደርስ ግን 126 ሺህ 500 ሆነ። ቫቱን ተመዝጋቢ ከሆንሽ ታቀናንሺዋለሽ፣ ሱር ታክሱ ግን እቃሽ ዋጋ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሌሎቹን ክፍያዎች ትቼ ነው ይሄን ያልኩት፣ እነሱን ትራንዚተርሽ ይነግርሻል።

እና ያልተመቸኝ ነገር ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ዝቅ ያለውን ቁጥር ይፈልጋል፣ ከፍ ያለውን ሞልቶ ዝም ያለውም ብዙ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍ ያለውን ሲከፍል እንደኖረ ደርሰንበታል፣ ማንም አልነገረውም፣ ማን ይነግረዋል።


የተክልዬ ሱቅ፦

ጉድ ነው፣ እሺ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት ሱቄ ጎን ያለ በያጅ ጋ ሳምፕሉን ይዤ ሄድኩ፣ ባለ 3/4ቱን። ልጁ "ለምን ታበላሺዋለሽ አዲስ እቃ" እያለኝ ቢሆንም መታው። መጀመሪያ ዚንኩ እንደ ቅርፊት ተላጠ፣ ከዚያ አፉ ሞላላ ሆነ፣ አልተሰበረም። ስድስት ሰባቴ ከመታው በኋላ በአንድ በኩል ተቀደደ፣ እንደ ብርጭቆ ሳይሆን እንደ ደረቅ ቆዳ። ቁጥር አልረሳም እያልኩ 19 19 እያልኩ ነው የተመለስኩት። ስቴንለሱን ሳየው "304" እና "150" ይላል፣ አይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ወጣ ያለ ነው። ፎንደሪ ጋራ ተባረክ።

በብየዳ የሚገባው ጠርዙ ዙሪያውን ዘንበል ተደርጎ ተሞርዷል፣ በያጁ ሳልጠይቀው "ይሄ ከቧንቧው ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ የሚበየድ ነው፣ ለዛ ነው የተሞረደው" አለኝ፣ እና 93 ትክክል ነው ማለት ነው። ስፌት የለውም፣ ሻጋታ መስመርም አላየሁበትም።

ትራንዚተሬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ "ኢንተርኔት ላይ የሰማሽውን ታመጪብኛለሽ" አለኝ፣ በኋላ ማብራሪያውን ሳሳየው ዝም ብሎ አነበበና "እሺ ግን ኢንቮይሱ ይስተካከል፣ በአንድ መስመር አራት አይነት እቃ አልሞላም" አለ። እሱም እውነቱን ነው።


ጋሽ ዲክላራሲዮን፦

ደግ ነው። ኢንቮይሱም ፓኪንግ ሊስቱም አንድ ላይ ይስተካከል፣ አንዱ አራት መስመር ሆኖ አንዱ አንድ መስመር ከሆነ ሌላ ጥያቄ ነው። በየመስመሩ ከምን እንደተሰራ፣ እንዴት እንደተሰራ፣ ምን እንደሚዘጋ ይጻፍ፣ ለምሳሌ "የቧንቧ ፊቲንግ፣ ካፕ፣ ማሊየብል ካስት አይረን፣ ዚንክ የተነከረ፣ ባለ ጥርስ፣ 1/2 ኢንች"። ኪሎውም ለየብቻው ይውጣ፣ ታሪፉ በኪሎ ስለሚመዘገብ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ነው የምትውዪው። ሳምፕሉንም የተቀደደውንም አትጣይው፣ ፈታሽ ከጠየቀ ከአስር ወረቀት ይሻላል።


የተክልዬ ሱቅ፦

ሻጩ አስተካክሎ አሁን ላከልኝ! አራት መስመር አድርጎታል፣ ኪሎውም ተለይቷል፣ የበርሜሉም ለብቻው ወጥቷል፣ ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር። ግን ማሊየብል የሚለውን "ማርብል አይረን" ብሎ ጽፎታል፣ ሁለቱም ቦታ።


አቦ ቀለል፦

እብነበረድ ደግሞ ስንት ቁጥር ነው ጋሼ?


ጋሽ ዲክላራሲዮን፦

የተሰራው ምዕራፍ 68። እህቴ ዛሬ ማታውኑ መልሰሽ ላኪለት፣ መርከቡ አይጠብቅሽም።